«ይጠዘጥዛል» ወይስ «ይነዝራል»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ዘንድሮ ፍሬሽማን ጨርሼ የጥርስ ሕክምና እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል። ደስታችንን ሳንጨርስ አንድ ደላላ (ራሱን «አማካሪ» ነው የሚለው) ቱርክ ካለ የግል ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ጥርስ ሕክምና፣ አምስት ዓመት፣ በዓመት 8,000 ዶላር። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ቅዳሜ ገበያ ያለችውን ቤት ሸጬ እልክሻለሁ፤ ውጭ የተማረና እዚህ የተማረ አንድ አይደለም» ብለው ቆርጠዋል። እናቴ ዝም ብላለች። እርስዎ ውጭ ተምረው ስለመጡ እውነቱን ይንገሩኝ። ደግሞ ግራኝ ነኝ፤ ይህስ ለሙያው እንቅፋት ይሆንብኛል?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እንዳንቺ ሆኜ፣ አንዴ እንደ አባትሽ። መልሴን ሳላንዛዛ ልንገርሽ፦ እዚሁ ተማሪ፣ ቤቷም አትሸጥ። ለምን እንደምል ደግሞ ከራሴ ልጀምር።

እኔ የሄድኩት ሩሲያ ነው፣ በመንግሥት ኮታ፤ ለትምህርቱ አልከፈልኩም። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ከዚያ አምስት ዓመት ሙያው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምንም አላሉኝም። ከሰም ጥርስ እየቀረጽን፣ የአሻንጉሊት ጭንቅላት አፍ ውስጥ እየቦረቦርን አለፉ። አሻንጉሊት አይናገርም፣ አያምም። ጉዱ የመጣው ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ነው።

አንዲት ሻርፕ ያሰሩ ትልቅ ሴትዮ ነበሩ። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው «ኖዬት» አሉኝ። ሩሲያኛ ለጥርስ ሕመም ስንት ግስ እንዳለው አትጠይቂኝ። «ኖዬት» የኛው «ይጠዘጥዘኛል» ነው። «ድዮርጋዬት» ደግሞ እየመታ፣ እየጎተተ የሚያም፣ መግል ሲቋጥር የሚባለው ነው። እኔ ሁለቱንም «ያማል» ብዬ ነበር በቃሌ የያዝኳቸው። ካርዱ ላይ መግል እንደቋጠረ አድርጌ ጻፍኩ። መምህሩ መጣና በመስተዋቱ እጀታ ጥርሱን ኳ ኳ አደረገው። መግል ያለበት ጥርስ ሲነካ ሰው ከወንበሩ ይነሳል፤ ሴትዮዋ ንቅንቅ አላሉም። ካርዴን ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበው። ሴትዮዋ በጣም በጨዋ ቃል ሌላ ተማሪ እንዲያያቸው ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ወንበሬ ላይ ሰው የሚቀመጥልኝ በልመና ነበር። የአገሩ ልጅ ከጎኔ እያለ ማን አፉን ለኔ ይከፍታል? አልፈርድባቸውም። ስመረቅ በእጄ የነቀልኩት ጥርስ አርባ አይሞላም። ጎንደር በተመለስኩ በመጀመሪያው ወር ከዚያ በላይ ነቅያለሁ፤ ያም የሆነው አንዲት ነባር ነርስ ከኋላዬ ቆማ «ዶክተር፣ አትሳቢው፤ መጀመሪያ አወዛውዢው» እያለችኝ ነው። ዲፕሎማዬ ግን ወርቃማ ማኅተም አለው። አባትሽ ቢያዩት ደስ ይላቸዋል።

እዚህ የሚመጣው በሽተኛ ግማሹን ምርመራ በአፉ ጨርሶልሽ ነው የሚገባው። «ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጥዝ ብሎ ይተወኛል» ካለሽ ጥርሱ ገና ይድናል፤ ትሞይዋለሽ። «አንዴ ከነካው በኋላ ሲነዝረኝ ይቆያል፤ ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል» ካለሽ ነርቩ ተቆጥቷል፤ መሙላት ብቻውን አይበቃም፣ ወይ ሩት ካናል (የታመመውን ነርቭ አውጥቶ ቦዩን መድፈን) ወይ መንቀል ነው። ይህን ልዩነት በሰው ቋንቋ ለመስማት እኔ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ቱርክም ብዙዎቹ የጥርስ ሕክምና ፋኩልቲዎች የሚያስተምሩት በቱርክኛ ነው። ደላላው «በእንግሊዝኛ ነው» ቢልሽ እንኳ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው አሮጊት በእንግሊዝኛ አታቃስትም።

ሌላም አለ። አንድ ጊዜ ከደምቢያ አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። አዲስ የበቀለው የታች ክራንቻው ጎድጎድ ያለ፣ ቡናማ፣ ጠማማ ነው። የተማርኩትን ሁሉ አሰብኩ፤ የትውልድ ችግር ይሆን? ውድቀት ይሆን? ያቺው ነርስ በጆሮዬ «ግግ ጠይቂያት» አለችኝ። ጠየቅኋት። መሬት መሬት እያየች «አያቱ ናት ያስወጣችለት» አለች። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ድዱ ላይ ያበጠችውን የወተት ክራንቻ እንቡጥ «ትል ነው» ብለው ፈልቅቀው ያወጧታል። ከሥሯ ደግሞ የቋሚው ጥርስ እንቡጥ አለ፤ ብረቱ እሱንም ይነካዋል። ከዓመታት በኋላ ተጎድቶ ይወጣል። የሩሲያ መምህሮቼ ይህን አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም። አንቺ እዚህ ብትማሪ ሦስተኛ ዓመት ሳይሞላሽ ታይዋለሽ፤ እናቲቱንም ሳታስቀይሚ እንዴት እንደምትጠይቂያት ትለምጃለሽ።

እዚህ ሁሉ ነገር ሞልቷል እያልኩ አይደለም። ጓንት የሚያልቅበት ሳምንት አለ። የራጅ ማሽን ተበላሽቶ ባለሙያ ከአዲስ አበባ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። መብራት ጥርሱ ተቦርቡሮ ሳይሞላ ይጠፋል፤ ያኔ በሽተኛው አፉን እንደከፈተ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ስለ ዝናቡ ታወሪዋለሽ። በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ተማሪዎች የተቀዳ መጽሐፍ በፍላሽ ሲቀባበሉ አይቻለሁ። መንገድ ሲዘጋ የሚቀረውን ነገር አንቺው ታውቂዋለሽ። ይህን ስትመዝኚ ግን ውጭውንም እንዳለ መዝኚው። በ2015 ዓ.ም. ካርቱም ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል ከገቡት ውስጥ እዚያ ሲማሩ የነበሩ ልጆችም ነበሩ። ከዩክሬን የተበተኑት ደግሞ ከዚያ ዓመት ቀደም ብለው ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። በዚያ ዋጋ 8,000 ዶላር 456,000 ብር ነው። ከዚያ ወዲህ ወጥቷል፤ በ130 ብር ብቻ እንኳ አስልተሽ እዪው፤ 1,040,000 ይሆናል። ይህ የአንድ ዓመት ክፍያ ብቻ ነው፤ ቤት ኪራይ የለበትም፣ ምግብ የለበትም፣ የቋንቋ መሰናዶ ዓመትም የለበትም። ቤቷ የምትሸጠው ግን አንዴ፣ በብር ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ ምንዛሬው ቢወጣ ሌላ የሚሸጥ ቤት አላችሁ? እዚህ የወጪ መጋራት ውል ትፈርሚያለሽ፣ ከአዘዞ በታክሲ ትመላለሻለሽ፤ አልያም ዶርም ትገቢያለሽ።

አባትሽ «አንድ አይደለም» ያሉት ከፊሉ እውነት ነው፤ አንድ ስላልሆነ ውጭ የተማረው ሲመለስ ዲግሪው አቻ ግምት ይሠራለታል፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናም ይቀመጣል። የኔ ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር ሰባት ወር ሥራ ፈትቼ እናቴ ቤት ቡና ሳፈላ ኖሬያለሁ። ደላላው በዚህ ላይ «የቱርክ ዲግሪ አውሮፓ፣ አሜሪካ ያስገባል» ማለቱ አይቀርም፤ ሁሉም ይላሉ። አሜሪካ በውጭ ዲግሪ ለመሥራት ብዙውን ጊዜ እንደገና ሁለት ዓመት ገደማ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግባትና የቦርድ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። እንግሊዝም የራሷ ፈተና አላት። ከኢስታንቡል ሄድሽ ከጎንደር፣ ያ በር ላይ ወረፋው አንድ ነው።

የጎንደርን ትምህርት መናቅ ግን ከአባትሽ አልጠበቅኩም። ይህ ቤት በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የደምቢያን ወባ ተከትሎ፣ ሐኪም ወዳልነበረበት ገጠር ጤና መኮንን ለመላክ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የሕክምና ትምህርት ሲጀመር ጀርመኖቹ ከላይፕዚግ እዚህ ድረስ መጥተው አስተምረዋል። በዕድሜ የገፉ የጎንደር ሰዎች ያክሟቸው የነበሩትን ጀርመኖች ዛሬም ያነሷቸዋል።

ሂጂ የምልሽ መቼ ነው? ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ የትምህርቱም የኑሮውም፣ በእጅሽ ከገባ እንነጋገራለን። የቱርክ መንግሥትም የቋንቋውን ዓመት ጨምሮ የሚከፍልበት ስኮላርሺፕ አለው፤ ለእሱ ደግሞ ደላላ አያስፈልግም፣ ማመልከቻው ነጻ ነው። ከዚያ ውጭ መጀመሪያ እዚህ ተመረቂ፣ እጅሽ ይፈታ፣ ከዚያ ለስፔሻሊቲ ሂጂ። ጥርስ ማስተካከል ወይም የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ልማር ብሎ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ወንበሩ ላይም እንደ ልጅ አይታይም።

ደላላውን ግን በቁጣ አታባርሩት፤ ጠይቁት። በክሊኒክ ዓመታት ከበሽተኛ ጋር የምናገረው በምን ቋንቋ ነው? በራሴ እጅ ነው የምነቅለው ወይስ ቆሜ ነው የማየው? ቪዛ ቢከለከል ቅድመ ክፍያው ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ይስጣችሁ። የኔ ግምት ስልኩ መጥፋት ይጀምራል።

አባትሽን ብቻሽን አትጋፈጪያቸው። አንድ ማለዳ ሆስፒታሉ ጥርስ ክፍል በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አጠገብሽ አስቀምጫቸው። ጉንጩን በነጠላ አስሮ የሚጠብቀውን ሰው ይቁጠሩት። ነጭ ጋዋን የለበሰ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስታገኙ ደግሞ እስካሁን ስንት ጥርስ እንደነቀለ ጠይቂው፤ እሳቸው እየሰሙ። እናትሽም ዝም ያለችው ሐሳብ ስለሌላት አይመስለኝም፤ እሷንም ጠይቂያት።

ግራኝነትሽ እንቅፋት አይሆንም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሐኪም ከበሽተኛው በስተቀኝ ይቀመጣል፤ አንቺ በስተግራ ትቀመጫለሽ። ወንበሮቹ በብዛት ለቀኝ እጅ ስለሚሠሩ የመቦርቦሪያው ገመድ በሽተኛው ደረት ላይ እየተጋደመ ያስቸግርሻል። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ግራኝ አለች፤ ገመዱን በክንዷ ሥር አሳልፋ ነው የምትይዘው። መጥተሽ እዪያት፤ ሐሙስ ከሰዓት አለች።