መልስ፦ በ38 ዓመት ቀዘፋ መጀመር ይቻላል ወይ?
ወንድሜ በደንብ ይቻላል! አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ 38 ሞላኝ፣ ረፍዶብኛል ወይ ላልከው፣ እኔ ራሴ በ41 ነው የጀመርኩት። ዋና አልችልም ያልከው ግን አሳስቦኛል፣ መጀመሪያ እሱን ተማር፣ ጀልባው እኮ በጣም ጠባብ ነው ጀማሪ መገልበጡ ያለ ነው፣ የፖቶማክ ወንዝ ውሃ ደግሞ በመጋቢት ፀሐይ ቢወጣም አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል።

ዲሲ ጆርጅታውን ያለው የጀልባ ማዕከል፣ ቶምፕሰን ቦት ሴንተር፣ ለአዋቂ ጀማሪ ኮርስ ይሰጣል፣ ደውለህ ጠይቅ። አንዱ የቀዘፋ አይነት በሁለት እጅህ አንድ ትልቅ መቅዘፊያ ይዘህ ከሌሎች ጋር ነው፣ ሌላው ስከሊንግ የሚሉት በየእጅህ አንድ አንድ። እኔ በስከሊንግ ጀምር ባይ ነኝ፣ ሁለቱም ጎንህ እኩል ይሰራል፣ በኋላም ብቻህን መውጣት ትችላለህ።

እስከዛ ጂም ያለው ኮንሴፕት 2 የሚባለው የቀዘፋ ማሽን ላይ ተለማመድ። ብዙ ሰው በክንዱ ይጎትታል፣ ስህተት ነው! ጉልበቱ ከእግር ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ በእግርህ ግፋ፣ ከዛ ወገብህን ወደ ኋላ፣ እጅ መጨረሻ፣ ስትመለስ ተቃራኒው። ማሽኑ ጎን ላይ ያለውን የአየር ማስተካከያ ደሞ 10 ላይ አታድርገው፣ ከ3 እስከ 5 ይበቃሃል።

ውሃ ላይ በስከሊንግ ስትቀዝፍ የሁለቱ መቅዘፊያ እጀታዎች መሃል ላይ ይደራረባሉ፣ ግራ እጅህ ትንሽ ከላይ ይሁን፣ እኔ የመጀመሪያ ሳምንት የቀኝ እጄ ጀርባ በግራ ጥፍሬ ተቦጫጭሮ ነበር፣ ጥፍርህን ቁረጥ። ምንም ቢፈጠር እጀታዎቹን አትልቀቅ፣ ሚዛንህን የሚጠብቁልህ እነሱ ናቸው። እንደ ጣና ታንኳ ወደፊት እያየህ አይደለም የምትሄደው፣ ጀርባህን ሰጥተህ ነው፣ ስለዚህ በየጥቂቱ ዞር እያልክ እይ።