አንድ ደቂቃ ከአንድ ልጅ ጎን

ውድ ወጣቶች፣

ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አስደነገጠኝ። ከጎበዝ አንባቢዎች ተርታ የመደብኩት ልጅ ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ፣ የማይደናቀፍ፣ አራት ነጥብ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ የሚወስድ። አንድ ቀን ሲያነብ አጠገቡ ቆሜ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አልኩ። አፉ የሚለው ሌላ፣ የተገለጠው ገጽ ሌላ። ምንባቡን በቃሉ ነው የሚወርደው። መጽሐፉ የተከፈተው ግን ከዚያ ምንባብ ስምንት ገጽ አልፎ ነው።

ዝም ብዬ ከተገለጠው ገጽ ላይ አንዲት ቃል በጣቴ ጠቆምኩ። «እስቲ ይቺን አንብባት» አልኩት። ቃሏን አየ። እኔን አየ። መልሶ ቃሏን አየ። ከዚያ አቀረቀረ።

ልጁ አላታለለኝም። ራሴን ያታለልኩት እኔው ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ሳስነብብ የኖርኩት በጋራ ነበር። እኔ እላለሁ፣ ሃምሳ ልጅ ይከተለኛል። ሃምሳ ሰው አንድ ላይ ሲጮህ ማን እንዳነበበ፣ ማን ከጓደኛው እንደተቀበለ፣ ማን አፉን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ በምን ይታወቃል? ክፍሉ ግን ከውጭ ለሚሰማው ደስ ይላል። አለቃዬም በኮሪደሩ ሲያልፉ ፈገግ ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሆንኩ። ምክትል፣ ርዕሰ መምህር፣ በመጨረሻም አዳዲስ ርዕሳነ መምህራንን የማማክር ሰው። ስሙ ተለዋወጠ እንጂ ሥራው ያው ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። አንድ ልጅ ጎን መቀመጥ፣ ማዳመጥ፣ ከዚያ ምን እንደሚደረግ ማሰብ።

ወደዚህ ሙያ መግባት የምታስቡ ስታገኙኝ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ሹመት ነው። ስንት ዓመት አስተምሬ ነው ርዕሰ መምህር የምሆነው? ማስተርሴን በምን ልያዝ? ይሄ እንደየቦታው ይለያያል፣ ደንቡን የሚመለከተው ክፍል ይነግራችኋል። ስለ ደመወዝም ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። እኔ የምለምናችሁ ከሹመቱ በፊት አንድ ነገር እንድትይዙ ነው። ልጆች ማንበብን እንዴት እንደሚማሩት እወቁ። የሒሳብ መምህር ብትሆኑም፣ የስፖርት መምህር ብትሆኑም።

ልጅ ሰው መሃል ካደገ ይናገራል። ማንበብ ግን እንደዚያ በራሱ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1986 ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በአንዲት አጭር ቀመር አስቀመጡት። አንብቦ መረዳት ማለት ከፊደሉ ቃሉን ማውጣት ሲባዛ ቋንቋውን መረዳት ነው አሉ። ሲደመር አላሉም። ሲባዛ ነው ያሉት። አንደኛው ዜሮ ከሆነ ሌላኛው የቱንም ያህል ቢሆን ውጤቱ ዜሮ ነው።

የእኔ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቋንቋው ሙሉ ነበር። ተረት ቢነግሩት አንድ ነገር ሳያጎድል ይመልሳል። ያን ሁሉ ምንባብ በቃሉ የያዘውም ያለ ነገር አይደለም። የጎደለው ፊደሉ ነበር። ሌላ ዓይነት ልጅም አለ። ሲያነብ እንደ ውኃ ይወርድለታል። ጨርሶ «ስለ ምንድን ነው የሚያወራው?» ስትሉት ጣራ ጣራውን ያያል። እነዚህ ሁለት ልጆች ፈተና ላይ እኩል አራት ከአሥር ሊያመጡ ይችላሉ። ማርክ ሊስቱ ላይ አንድ ናቸው። ለመጀመሪያው «በርታ፣ ብዙ አንብብ» ማለት ግን ቁልፍ ያልሰጡትን ሰው በሩን ክፈት ብሎ መቆጣት ነው። ሁለተኛውን ደግሞ ፊደል ገበታ ላይ መልሶ ማስቆጠር ጊዜውን መብላት ነው።

ለዚህ ነው አንድ ደቂቃ የምለው። ልጁ አይቶት የማያውቅ አጭር ጽሑፍ ስጡት። አዲስ መሆን አለበት፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። አንድ ደቂቃ ያንብብ። የሳተውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ እንጂ አታቋርጡት፣ ፊታችሁንም አታጨማድዱበት። ከዚያ ያነበበውን በራሱ አፍ ይንገራችሁ። በጣም ቀስ እያለ ፊደል በፊደል የሚያነብ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አእምሮው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ትንሽ ነገር ነው፣ ያንን ደግሞ ፊደሉ ጨርሶታል።

ፊደል ቆጠራ ላይ የሚያሳስተንን ነገር ልንገራችሁ። አንዳንዱ ልጅ «ለ ሉ ሊ ላ» እያለ እንደ መዝሙር ያወርደዋል። «ሎ»ን ብቻዋን ስታሳዩት ግን ከ«ለ» ተነስቶ በጣቱ እየቆጠረ ካልሆነ አይደርስባትም። ያ ልጅ ዜማ ነው የተማረው። ፊደሎቹን ከሰልፋቸው አውጥታችሁ፣ አደባልቃችሁ አሳዩት።

አሁን ደግሞ ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ፣ ስለምወደው ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ዋና» ብሎ የጻፈ ሰው ውኃ ውስጥ የሚደረገውን ይበል ዋናውን ጉዳይ፣ ፊደሉ ብቻውን አይነግረንም። «አለ»ም እንደዚሁ ነው። ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ልጁ አጥብቆ ወይም አላልቶ በቦታው ካነበበው ዓረፍተ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። ጆሮውን የሰጠ መምህር አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ መረዳቱን እዚያው ይሰማል። ይህን ካወቅኩ በኋላ የልጆች ንባብ መስማት ለእኔ ሙዚቃ ሆነ።

ቋንቋውን መረዳት ያልነው ደግሞ ቃላት ማወቅ ብቻ አይደለም። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት አለ። 64 ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ምንባብ አነበቡ። ንባባቸው ደካማ ሆኖ ጨዋታውን ግን በደንብ የሚያውቁት፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት የተሻለ ተረዱ። ስለዚህ አንድ ቀን የትምህርት ክፍለ ጊዜ ድልድል በእጃችሁ ሲገባ፣ ልጆቹ ንባብ ደከሙ ብላችሁ የሳይንሱንና የታሪኩን ሰዓት አትውሰዱባቸው። ነገ የሚያነቡት የሚገባቸው ዛሬ እዚያ በሚያውቁት ነው።

ርዕሰ መምህር ስሆን ይህን ሁሉ ረሳሁት። ሲያልፍ ቀላል ይመስላል እንጂ አንድ ዓመት ሙሉ ቢሮ ዋጠኝ። ፊርማ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የወላጅ አቤቱታ፣ ለትናንት የተጠየቀ ሪፖርት። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። በሬ ላይ ወረፋ ሳይ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ አንዲት መምህርት «እርስዎን ክፍሌ ውስጥ ሁለቴ ነው ያየሁዎት። ሁለቱንም ጊዜ ፎርም ይዘው ነው የመጡት» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። የባሰው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀኑን የመጀመሪያ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ለክፍል አደረግኳቸው። ፎርም የለ፣ ነጥብ የለ። ዋጋ አላስከፈለኝም አልልም። ሪፖርት ዘገየብኝ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደርሶኛል። ግን ክፍል ስገባ መምህሩን ማየት ተውኩ። ልጆቹን ነው የማየው። ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ ጠጋ ብዬ «ምን እየሠራህ ነው?» እለዋለሁ። «ከሰሌዳው እየገለበጥኩ» ካለኝ አንድ ነገር ተረዳሁ። «ይሄ ቃል ለምን እዚህ እንደገባ እየፈለግኩ» ካለኝ ሌላ ነገር።

አንድ ጊዜ ግን አበላሸሁ። አንድ መምህር ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት በልጆቹ ፊት አረምኩት። ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም። ያ ሰው አንድ ዓመት ያህል እኔ ስገባ ማስተማሩን አቁሞ የቤት ሥራ ማረም ይጀምር ነበር። ይቅርታ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው፣ እሱም በመምህራን ማረፊያ፣ ሌሎች እየሰሙ። በሰው ፊት ያዋረደ በሰው ፊት ይካስ ብዬ።

ኬኔት ሊትዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሥራ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪ እንዲማር ከሚያደርጉ ነገሮች አመራር ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ ሁለተኛ ነው ብለዋል። ስብሰባ ላይ ይሄ ሲጠቀስ ርዕሳነ መምህራን ደረታችንን እንነፋለን። እኔ ግን «ቀጥሎ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው የምቆመው። ርዕሰ መምህር ልጅን በቀጥታ አያስተምርም። በመምህሩ በኩል ነው የሚደርሰው።

ትልቁ ሥልጣናችሁም ማኅተሙ አይደለም። ማን የትኛውን ክፍል እንደሚያስተምር መወሰን ነው። አብዛኛው ትምህርት ቤት ጠንካራ መምህሮቹን ለፈተና ክፍሎች ይሰጣል። አንደኛ ክፍል አዲስ ለተቀጠረ ወይም ለተቀጣ መምህር ይተርፋል። እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ። በሥራ ዘመኔ ከፈጸምኳቸው ስህተቶች ሁሉ ብዙ ልጅ የጎዳው ይሄ ይመስለኛል። ኪት ስታኖቪች የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ለዚህ ነገር ከማቴዎስ ወንጌል ስም አወጣለት፤ ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ያው ያለውም ይወሰድበታል። ቀድሞ ማንበብ የቻለ ልጅ ብዙ ያነባል፣ ብዙ ቃል ያውቃል፣ ስለዚህ ይበልጥ ያነባል። ያልቻለው ይሸሻል፣ ሲሸሽ ይበልጥ ይርቃል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ጎበዝ መምህር መመደብ ክፍተቱ ከሰፋ በኋላ መሮጥ ነው። አንደኛ ክፍል ላይ ምርጧን መምህርት ስመድብ ሌሎቹ «ምን አጥፍታ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል።

ርዕሳነ መምህራንን ማማከር ስጀምር ደግሞ አፌ አላርፍ አለ። ያየሁትን ሁሉ እመክር ነበር። አንድ ወጣት ርዕሰ መምህር በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን እርስዎ ሲሄዱ እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ» አለኝ። ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ይቺ አረፍተ ነገር አብራኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አብረን ክፍል እንገባለን፣ እያንዳንዳችን ያየነውን ለብቻ እንጽፋለን፣ ወጥተን እናነጻጽራለን። የመጀመሪያ ቀን እሱ የጻፈው «የመምህሩ ድምፅ ጥሩ ነው፣ የሰሌዳ አጠቃቀም ጥሩ ነው፣ ሥነ ሥርዓት አለ» የሚል ነበር። የእኔ ወረቀት ላይ «በኋላ ወንበር አራት ልጆች መጽሐፋቸውን አልገለጡም» ይላል። ምንም አልመከርኩትም። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ከእኔ ቀድሞ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ።

ከመምህር ጋር የሚደረግ ከባድ ንግግርም ካለ አስቀድመን እንለማመደዋለን። እኔ መምህሩን እሆናለሁ፣ እሱ ራሱን። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ እንስቃለን። ሥልጠና ብቻውን ክፍል ውስጥ እንደማይዘልቅ፣ አጠገብ ሆኖ የሚያግዝ ሰው ሲጨመርበት ግን እንደሚዘልቅ ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሉ ኖረዋል። ሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያልተንጠራራ ሰው ይሄን ለማመን ጥናት ያስፈልገው ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ። አማካሪ ስትሆኑ ገምጋሚ አትሁኑ። ሁለቱን ኮፍያ አንድ ሰው ላይ ሲደርቡ አይቻለሁ። የዚያን ጊዜ ርዕሰ መምህሩ የሚያሳያችሁ የተወለወለውን ክፍል ነው። አማካሪ የሚጠቅመው «ይሄን አላውቅም» ሲባል ነው፣ ይሄን ደግሞ ማንም ነጥብ ለሚሰጠው ሰው አይናገርም።

ያ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ 20 ደቂቃ እየቀረን ከፊደል ጀመርን። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አጫጭር ቃላት ማንበብ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ቤተሰቦቹ ሌላ ቦታ ሄዱ፣ ዳግም አላየሁትም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ ርዕሰ መምህርት ደወለችልኝ። የስድስተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ አስነብባ 11ዱ ማንበብ እንደማይችሉ አግኝታለች። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ላይ አንድም ባዶ ሰዓት የለኝም። ከማን ላይ ልውሰድ?» አለችኝ። እኔም ወዲያው የምላት አልነበረኝም። «ከልጆቹ ጋር የጻፍሽውንም ፕሮግራሙንም ያዢልኝ፣ ሐሙስ እመጣለሁ» አልኳት። ሐሙስ ነገ ነው።