ከጭቃና ከሰንበሌጥ የተማርኩት

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ስህተቴ ነው።

ጥቅምት ላይ ነበር። ተማሪዎቼን «ድቡልቡል ጭቃና እኩል እኩል የተቆረጠ ሰንበሌጥ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። ሰንበሌጡን ጭቃው ላይ እየሰኩ፣ በሦስት ማዕዘኖች ብቻ ዙሪያውን የተዘጋ ኳስ መሰል ነገር እንዲሠሩ ነው። በየጭቃው ስድስት ስድስት የሰኩት እንደ ሰፌድ ተዘረጋባቸው። ስድስት ጊዜ 60 ዲግሪ 360 ነዋ! ከየት መጥቶ ይታጠፋል? አምስት አምስት የሰኩት ግን እንደ ጎጆ ክዳን ጎበጠላቸው። በ12 ጭቃ፣ በ30 ሰንበሌጥ፣ በ20 ሦስት ማዕዘን ግጥም ብሎ ተዘጋ።

አንድ ልጅ ግን ባለ 9 ጭቃ ነገር ይዞ መጣ። የላይኛውና የታችኛው ጭቃ ሰባት ሰባት ሰንበሌጥ ተሰክቶባቸዋል። ዙሪያውን ያሉት ሰባቱ ደግሞ አራት አራት። ሰንበሌጡንም አንዱን አስረዝሞ፣ አንዱን አሳጥሮ ነው የቆረጠው። «ስህተት ነው፤ ከስድስት በላይ አይሆንም» አልኩት። ሳልቆጥር። ልጁ ምንም ሳይል ይዞት ሄደ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ቆጠርኩ። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1750 እ.ኤ.አ. ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለጎልድባህ የጻፈለት ነገር አለ፦ ጫፎችና (ጭቃዎቹ) ገጾች (ሦስት ማዕዘኖቹ) ተደምረው ጠርዞች (ሰንበሌጦቹ) ሲቀነሱ 2 ይቀራል። የልጁ 9 ጫፍ፣ 14 ገጽ፣ 21 ጠርዝ አለው። 23 ሲቀነስ 21፣ 2። ልክ ነው!

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን 3 ጠርዝ አለው፤ እያንዳንዱን ጠርዝ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይጋሩታል። ይህን ከኦይለር ቀመር ጋር አገናኙት። በየጫፉ ስድስት ለመሙላት የጎደለው ሲደመር ሁልጊዜ 12 ነው። ባለ አምስት አምስቱ ላይ 12 ጫፎች አንድ አንድ ጎደላቸው። የልጁ ላይ ሰባት ጫፎች ሁለት ሁለት ጎደላቸው፣ 14። ሁለቱ ደግሞ አንድ አንድ ተረፋቸው። 14 ሲቀነስ 2፣ ያው 12። ይህን ሳይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

እኔ ሁለት ነገር አደባልቄ ነበር። ጠርዞቹ እኩል ሆነው፣ ቅርጹ የትም ሳይሰረጉድ ይቁም ከተባለ ሰባት አይሆንም። እሱ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው። ማን ከማን ጋር ተያያዘ የሚለው ቆጠራ ግን ርዝመት አይጠይቅም።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ፊት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት። ነቃቅሎት ነበር። አብረን እንደገና ሠራነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አስተማሪ «ስህተት ነው» ሲላችሁ ቶሎ አትንቀሉት። ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። በእጃችሁ መጀመር ከፈለጋችሁ 6 ጭቃ ያዙ። ስለ ርዝመቱ አትጨነቁ። በ6 ጭቃ ኳስ መሰሉን በሦስት ማዕዘን የመዝጊያው መንገድ፣ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ብቻ ከተቆጠረ፣ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። በ7 ጭቃ 5 ይሆናል፣ በ8 ደግሞ 14። የባለ 6ቱ አንደኛው በየጫፉ አራት አራት ሰንበሌጥ አለው። ሁለተኛውን እናንተ ፈልጉት።