ሙቀት የነካው ወይን፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ሰሞን አራት ኪሎ አንድ ወዳጄ ቤት እራት ተጋብዤ ጥሩ ቀይ ወይን ተከፈተ። ጣዕሙ ሞቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሪጅ አናት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ውስጥ ሳይሆን አናቱ ላይ፣ ሙቀቱ በሚወጣበት በኩል። በጣም አናደደኝ። ስለዚህ ስለ ወይንና ሙቀት ያላችሁን ጠይቁኝ አልኩ። ሆቴል ቤት ወይን ሳስቀምጥና ሳቀርብ ዓመታት ስለቆጠርኩ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ መኪናዬን ፀሐይ ላይ አቁሜ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን የኋላ ወንበር ላይ ረሳሁት። ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት። ልጣለው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አትጣለው! ግን ነክቶታል። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት ብለን እንዘናጋለን፤ ውጭው 22 ዲግሪ ሆኖ እንኳ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ገደማ ይደርሳል። ወይን ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። 750 ሚሊ ሊትር ወይን ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ጭማሪው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ከቡሹ ስር ያለው ባዶ ቦታም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ወይ ቡሹን ወደ ላይ ይገፋል፣ ወይ በቡሹ ጎን ሾልኮ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይቀንስና በዚያችው ክፍተት አየር ይስባል። ቤት አስገባው፣ አቀዝቅዘው፣ በዚህ ሳምንት ጠጣው። ለበዓል ብለህ እንዳታቆየው።

ጥያቄ፦ ሙቀት እንደነካው ሳልከፍተው ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ አንዳንዴ። አናቱ ላይ ያለውን ሽፋን በጣትሽ ለማዞር ሞክሪ። ተጣብቆ አልዞርም ካለ ወይን አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ቡሹ ሽፋኑን ወደ ላይ ገፍቶት ከሆነ፣ ወይም ከአንገቱ እስከ ወረቀቱ የደረቀ ቀይ መስመር ወርዶ ከሆነ ተጠርጣሪ ነው። ስትከፍቺው ደግሞ የቡሹን ጎን እዪ፤ ቀለሙ ከታች እስከ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ያው ነው። ከዚያ ብርጭቆውን ነጭ ሶፍት ላይ ዘንበል አድርገሽ ጠርዙን ተመልከቺ። ገና ወጣት የሆነ ቀይ ወይን ጠርዙ እንደ ሻይ ቡናማ መሆን የለበትም። ሽታውም ትኩስ ፍሬ መሆኑ ቀርቶ ብዙ የፈላ ማርማላታ ይሆናል። ነጩ ይጠቁርና ተቆርጦ የቆየ ፖም ይሸታል። በቆርኪ የሚዘጋው ግን ከውጭ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ የሚፈርደው አፍሽ ነው።

ብዙ ሰው "አቼቶ ሆነ" ይላል። አቼቶ የሚያደርገው ባክቴሪያና አየር ነው፣ ሙቀት ብቻውን አይደለም። የተቀቀለ ወይን አይመርዝም፣ ጣዕሙ ነው የሚሄደው። ለጥብስ ወይም ለስጎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሴት ልጄ ከአሜሪካ ያመጣችልኝ ወይን ሳሎን ቡፌ ላይ ስምንት ዓመት ሆነው። ለልጅ ልጄ ክርስትና ልከፍተው ነው። ወይን እየቆየ ይጣፍጣል ይባል የለ?

መልስ፦ እማማ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ይባላል፣ ግን እውነት የሚሆነው ለጥቂት ወይኖች ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው። የሚቆየውም ቢሆን የሚያምረው ቀዝቃዛ ቦታ፣ 13 ዲግሪ አካባቢ ሲያርፍ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ውስጡ ያለው ለውጥ በግምት እጥፍ ይፈጥናል፤ የመስኮት ፀሐይ የሚያርፍበት ቡፌ ላይ ደግሞ ብርሃኑም አለበት፣ ጠርሙሱም እንደቆመ ቡሹ ይደርቃል። እኛ ቤት ያማረ ነገር ሁሉ ቡፌ ላይ ነው የሚወጣው፣ አውቃለሁ፣ የልጅ ስጦታ ጓዳ አይደበቅም። ቢሆንም ከክርስትናው ዋዜማ እርስዎና ልጅዎ ብቻችሁን ክፈቱትና ቅመሱት። ካማረ ደስ ይበላችሁ። ካላማረም እንግዳ ፊት ከማፈር ይድናሉ። ሌላ አንድ ሁለት ጠርሙስ ተጠባባቂ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የት ላስቀምጠው? የወይን ማቀዝቀዣ የሚገዛ ገንዘብ የለኝም።

መልስ፦ አልጋ ስር። እውነቴን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ይህን ዕድል ብዙ አገር አያገኘውም። የድሮ የድንጋይ ወይም የጭቃ ቤት ካላችሁ ደግሞ የወይን ጓዳ አላችሁ ማለት ነው። ከነካርቶኑ ወለሉ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ቡሽ ያለውን አጋድማችሁ። የምትሸሹት ሦስት ቦታ ነው፦ ኩሽና፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ መደርደሪያ፣ እና ከሰዓት ፀሐይ የሚገባበት የኮንዶሚኒየም ግድግዳ። ቀንና ሌሊት ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢወዛወዝ አያሳስብም። የሚጎዳው ከ30 በላይ ወጥቶ እዚያው ሲቆይ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ውስጥስ?

መልስ፦ ለሳምንታት፣ ለጥቂት ወራትም ምንም አይል። ለዓመታት ግን ቡሹን ያደርቀዋል።

ጥያቄ፦ ከውጭ የሚመጣው ጅቡቲ ላይ አይበላሽም?

መልስ፦ ሊበላሽ ይችላል። ጅቡቲ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ብረት ኮንቴይነር ውስጡ ከዚያም ይብሳል። ከአንድ ካርቶን ሁለት ሦስቱ ቡሻቸው ተገፍቶ ካያችሁ የቀረውም አብሮ ተጉዟል፣ ተዉት። የባቱ ወይን ከዚህ 160 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ መንገዱ አጭር ስለሆነ በዚህ በኩል እመርጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ግሮሰሪ አለኝ። ጠርሙሶቹን መስኮት ላይ ካልደረደርኩ ማን ያያቸዋል?

መልስ፦ ባዶውን ደርድር፣ ሙሉውን ከኋላ አስቀምጥ። በተለይ ነጩንና ሮዙን። ነጣ ያለ ጠርሙስ ከብርሃን አይከላከልም፣ ብርሃን የመታው ወይን ደግሞ የተቀቀለ ጎመን መሽተት ይጀምራል። ሻምፓኝ የሚሸጥ ከሆነ ከሁሉም አስቀድመህ እሱን አንሣ፤ ውስጡ ከመኪና ጎማ ከእጥፍ በላይ የሚሆን ግፊት አለ፣ ሙቀት ሲጨመርበት አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ጠጅም እንደዚያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። የቤት ጠጅ እርሾው ገና ሕያው ነው። ሙቅ ቦታ አጥብቀህ ከዘጋኸው መፍላቱን ይቀጥልና ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ላላ አድርገህ ክደነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ አኑረው።

ጥያቄ፦ ሆን ተብሎ የሚሞቅ ወይን አለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ማዴይራ። የፖርቱጋል ደሴት ናት። አንዱ አሠራራቸው ወይኑን ቢያንስ ሦስት ወር ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ማቆየት ነው። ግን አልኮል የተጨመረበት፣ ለዚያው ተብሎ የተሠራ ነው። ያንተን ቀይ አትሞክርበት።

ጥያቄ፦ ግንቦት ላይ ሰርግ አለን፣ ድንኳን ውስጥ። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል ሲሉን ነበር።

መልስ፦ እኩለ ቀን ላይ የድንኳን ሙቀት የክፍል ሙቀት አይደለም። ካርቶኖቹን ከድስቶቹና ከምድጃው አርቁ፣ ጠዋት ድንኳን ውስጥ አትደርድሩ። ትልቅ ሳፋ ውሃና በረዶ አዘጋጁ። ቀዩ ሊቀርብ ሲል ሩብ ሰዓት ይግባ፣ ነጩ ግማሽ ሰዓት። አንድ ጎረምሳ ሳፋው አጠገብ መድቡ፣ ሥራው ጠርሙስ ማስገባትና ማውጣት ብቻ ይሁን።