ማስኩ ለታካሚው ነው ወይስ ለሐኪሙ?

ወንድሜ፣ «ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ማስክ የሚደረገው ለማን ብሎ ነው? በጎን ክፍት ሆኖስ ምን ይጠቅማል?» ብለሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መነሻው ለታካሚው ነው። ስናወራ፣ ስናስል፣ ስናስነጥስ ጥቃቅን የምራቅ ጠብታ ይረጫል፤ ባክቴሪያም ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1897 ዮሃን ሚኩሊች የተባለ ቀዶ ሐኪም አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ መሥራት የጀመረው ለዚህ ነው። ሐኪሙ በተከፈተ ሆድ ላይ ጎንበስ ብሎ «መቀሱን አቀብይኝ» ሲል አስበው። ጠብታው ቀጥታ ቁስሉ ውስጥ ነው የሚገባው። በጎን አየር ማሾለኩ እውነት ነው፤ ዋና ሥራው ግን ወደ ፊት የሚረጨውን መያዝ ነው።

አሁን ብዙዎችን የሚያስገርመው ነገር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ አንድ የስዊድን ጥናት ከ3,000 በላይ ታካሚዎችን አይቶ፣ ማስክ በተደረገበትና ባልተደረገበት ኦፕራሲዮን መካከል በቁስል ኢንፌክሽን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ታዲያ ይጣል? እኔ በበኩሌ አልልም። አንድ ጥናት ሁሉንም ዓይነት ኦፕራሲዮን አይወክልም። ደግሞ ደም ቧንቧ ሲቆረጥ ደሙ ፊት ላይ ይፈናጠራል። ያኔ ማስኩ የሐኪሙን አፍና አፍንጫ ያድናል። (ለዓይን መነጽር ያስፈልጋል፣ እሱ ሌላ ነው።) እንደ ሳንባ ነቀርሳ በአየር ለሚተላለፍ በሽታ ግን ተራው ማስክ አይበቃም፤ ፊት ላይ ግጥም የሚለው ኤን 95 ነው የሚደረገው።

በትንፋሽ የረጠበ ማስክ መቀየር አለበት። አፍንጫ ታች የወረደውማ ከነጭራሹ እንዳልተደረገ ቁጠረው።