የሚያድረውንና የማያድረውን ሕመም ለይታችሁ እወቁ፤ ከአንድ ቀዶ ሐኪም ለወጣቶች የተሰጠ ምክር

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፍላችሁ የሥራ ዘመኔን በመሀል አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ያሳለፍኩ ሐኪም ነኝ። ለእናንተ ለይቼ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። በጥቁር አንበሳ፣ በዘውዲቱ ወይም በራስ ደስታ ሆስፒታል በር ላይ ጠዋት ቆማችሁ ብትመለከቱ፣ ታማሚውን ደግፎ ከታክሲ የሚያወርደው፣ ካርድ የሚያወጣው፣ ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚሮጠው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው። ሕመሙ የአባት ወይም የእናት ቢሆንም «አሁኑኑ እንሂድ ወይስ ይደር?» የሚለው ጥያቄ ሌሊት ላይ ሲነሳ ቤተሰቡ የሚያየው የተማረውን ልጅ ዓይን ነው። እኔም በሥራዬ ደጋግሜ የታዘብኩት ሰው ጊዜ የሚሰጠውን በሽታ ሲያጣድፍ፣ ጊዜ የማይሰጠውን ደግሞ ሲያሳድር ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የምመክራችሁ ሁለቱን እንድትለዩ ነው።

ከትርፍ አንጀት ልጀምር። በማንኛውም ዕድሜ ሊያጋጥም ቢችልም በብዛት የሚታየው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባሉት፣ ማለትም በእናንተው ዕድሜ ላይ ነው። «በልተህ አትሩጥ፣ ትርፍ አንጀት ይይዝሃል» እየተባላችሁ አድጋችኋል፤ ይሁን እንጂ ሩጫ በሽታውን አያመጣም። የትርፍ አንጀት ጠባብ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በደረቀ ዓይነ ምድር ወይም በውስጡ ባለው ሥጋ እብጠት ሲዘጋ፣ በውስጡ የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫ ያጣል፤ ባክቴሪያ ይራባል፤ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ የደም ዝውውሩን ያውካል፤ በመጨረሻም ግድግዳው ይበሳል። ሕመሙ በተለመደው መልኩ እምብርት አካባቢ በማይለይ ቁርጠት ይጀምርና ከሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ሳይሞላ፣ ወደ ታችኛው የሆድ ቀኝ ጎን ይዞራል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ታማሚው ሲያስል ወይም መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ጎኑን ይይዛል። ይህን ስታዩ ማስታገሻ ሰጥታችሁ አታስተኙት፤ በተለይም ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡት። አንድ አታላይ ነገር ደግሞ አለ፦ ትርፍ አንጀቱ በፈነዳበት ሰዓት ግፊቱ ስለሚቀንስ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ሊል ይችላል፤ ቤተሰብም «ተመስገን፣ ተሻለው» ብሎ ይተኛል፤ ንጋት ላይ ግን መግሉ በሆድ ውስጥ ተሰራጭቶ ይገኛል።

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ድንገተኛ ክፍል ስትመጣ በደብተሯ ጀርባ ላይ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ ቦታ የቀየረበትን፣ ያስታወከበትንና የመጨረሻውን ምግብ የበላበትን በአራት መስመር ጽፋ ነበር። ያች ገጽ ለተረኛው ሐኪም ከብዙ ጥያቄ የበለጠ ጠቀመችው፤ ልጁም ሳይፈነዳበት ተሠራ። ኦፕራሲዮኑ በትንሽ ቁርጥ ወይም ካሜራ በማስገባት፣ በላፓሮስኮፒ የሚሠራ ሲሆን፣ በዚህኛው ዘዴ ትርፍ አንጀትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ጀርመናዊው ሐኪም ኩርት ዜም እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ያልፈነዳና ያልተወሳሰበ ከሆነ በአንቲባዮቲክ ብቻ የሚታከምበት መንገድም ዛሬ አለ፤ ሆኖም ከእነዚህ ታማሚዎች ብዙዎቹ በቀጣዮቹ ዓመታት መልሶ ስለሚያማቸው ምርጫው መርምሮ ከሚከታተል ሐኪም ጋር የሚደረግ እንጂ ከፋርማሲ መስኮት የሚገዛ አይደለም።

ቡአ ወይም ሄርኒያ ግን ከዚህ ይለያል፤ ጊዜ ይሰጥና የሰጠውን ጊዜ በአንድ ሌሊት መልሶ ይነሳል። የሆድ ግድግዳ በሳሳበት ወይም ከውልደት ጀምሮ ሳይዘጋ በቀረ ክፍተት በኩል አንጀት ወይም ስብ ወደ ብሽሽት ይገፋል። ከወንዶች ከአራቱ አንዱን ያህል በዕድሜ ዘመኑ የሚያገኘው ሕመም ሆኖ ሳለ፣ ቦታው የሚያሳፍር ስለሆነ አባቶቻችን ይደብቁታል። በመርካቶ በጭነት ሥራ ኖረው ልጆቻቸውን ያስተማሩ አንድ አባት እያቃሰቱ ሲመጡ፣ ሱሪያቸውን ዝቅ ስናደርግ ብሽሽታቸው ላይ በአሮጌ መቀነት አጥብቀው ያሰሩት የተጣጠፈ ጨርቅ አገኘን፤ ከአጠገባቸው የቆመው ልጃቸው ያን ጨርቅ ያየው በዚያ ሌሊት ነበር። ሲተኙ የሚመለስ፣ ሲያስሉ ወይም ዕቃ ሲያነሱ የሚወጣ እብጠት ቀጠሮ ይዞ በእርጋታ ይሠራል፤ አንጀቱ ወደ ቦታው ይመለስና የሳሳው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ለዚሁ በተሠራ ሰው ሠራሽ መረብ ይጠናከራል፤ ታማሚውም ያኑ ዕለት ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመና ትውከት ከተጨመረበት ግን የታነቀው አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ነገ የሚባል የለም። የሞተ አንጀት ተቆርጦ መቀጠል አለበትና ቀላል የነበረው ኦፕራሲዮን ከባድ ይሆናል። ስለዚህ አባታችሁን በጨዋ ቋንቋ፣ ብቻቸውን ባሉበት ጠይቋቸው፤ ለእናንተ የማይናገሩ ከሆነ ለሐኪም እንዲናገሩ ውሰዷቸው።

የትልቁ አንጀት መጠምዘዝም እንዲሁ ነው። በአገራችን ከአንጀት መዘጋት ዋና ምክንያቶች አንዱ ሲሆን በጎልማሶችና በአዛውንት ወንዶች ላይ ይበዛል፦ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ዓይነ ምድርም ጋዝም አይወጣም። አንጀቱ ገና ካልሞተ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ይተነፍሳል፤ ታማሚው በቅጽበት ሲቀለው ግን «ድኛለሁ» ብሎ ከአልጋው ተነስቶ እንዳይሄድ አደራ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ስለሚጠማዘዝ ያ ክፍል በተዘጋጀ ኦፕራሲዮን መወገድ አለበት።

የሐሞት ጠጠርን በተመለከተ የከተማችን ሰው ልማድ ያሳስበኛል። ከሁዳዴ ጾም በኋላ በፋሲካ ዶሮ ወጡና ቅቤው ሲቀርብ፣ ሐሞት ከረጢት ስብ ለመፍጨት ሲጨመቅ ጠጠሩ መውጫውን ይዘጋና ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ተነስቶ ወደ ጀርባና ትከሻ የሚሄድ ጽኑ ሕመም ይቀሰቅሳል። ይህንን ሕመም «ጨጓራ ነው» ብለው ለዓመታት የጨጓራ መድኃኒት ሲውጡ የኖሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ነገሩን የሚለየው ቀላል የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው። በሌላ ምርመራ አጋጣሚ የተገኘና ምንም ሕመም ያልፈጠረ ጠጠር ግን በአብዛኛው ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም፤ ስላያችሁት ብቻ አትጣደፉ። ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታከለበት የዕለቱ ጉዳይ ነው። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ሰው እንዴት ይኖራል ብላችሁ አትስጉ፤ ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ነውና ሥራው ይቀጥላል።

እንቅርት፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ እብጠት፣ ደግሞ ማጣደፍ የሚጎዳበት ነው። አዮዲን ያለው ጨው መብላት መከላከያው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልብ የሚያስመታ፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥና የሚያከሳ ዓይነት ከሆነ ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሳምንታት በመድኃኒት መረጋጋት አለበት፤ ሳይረጋጋ ከተቀደደ ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪሙ «ገና ነው» ሲላችሁ ገሸሽ ያደረጋችሁ አይምሰላችሁ። ድምፅን የሚያዘው ነርቭ ከእጢው ጀርባ ስለሚያልፍ ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስዊዘርላንዳዊው ቴዎዶር ኮኸር እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚሁ እጢ ላይ ባደረገው ምርምርና ቀዶ ሕክምና ነው። እጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ምትኩን እንክብል በየቀኑ ዕድሜ ልክ መውሰድ ግድ ነውና «ተሠርቼ ድኛለሁ» ብለው መድኃኒቱን የሚያቆሙትን እናንተ አስታውሷቸው።

በየመንገዱ ምሰሶ ላይ «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን» የሚል ማስታወቂያ ታነባላችሁ። አብዛኛው ኪንታሮት በእርግጥም ቢላዋ አይፈልግም፤ ፍራፍሬና አትክልት፣ ብዙ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት ስልክ ይዞ ረጅም ሰዓት አለመቀመጥ ይበቃዋል። የሚያስፈራኝ ሳይመረመሩ ደምን ሁሉ ኪንታሮት ማለት ነው፤ የፊንጢጣና የትልቁ አንጀት ካንሰርም በደም ሊጀምር ይችላል። የዓይነ ምድር ልማድ ከተለወጠ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ደሙ ከዓይነ ምድሩ ጋር ከተቀላቀለ ሐኪም በጣቱ የሚያደርገው ምርመራና ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ ይቀድማሉ። የሚያቃጥል ነገር ተቀብቶላቸው ፊንጢጣቸው ጠብቦ የመጡ ሰዎችን አክሜአለሁ፤ የደረሰባቸው ጉዳት ከመጀመሪያው ሕመማቸው የባሰ ነበር።

ቀጠሮ የተያዘለት ኦፕራሲዮን ዋዜማ ላይ ከእናንተ የምጠብቀው ብዙ ነው። ከሰመመን በፊት ቢያንስ 6 ሰዓት ምግብ፣ 2 ሰዓት ደግሞ ውኃ አይቀመስም፤ ታማሚው ሲደነዝዝ በሆዱ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። እናት አንጀቷ አልችል ብሎ ጎህ ሳይቀድ አጥሚት ብታቀምሰው ለሰመመን ባለሙያው ሳትሸሽጉ ንገሩ፤ የሚከተለው የቀን ለውጥ ብቻ ነው። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሲጋራና ጫትም ቢሆን ተናገሩ። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ይጠመቁ፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቋርጡ ብቻ ጠብቋቸው። ባለሙያዎቹ ስማቸውንና የሚሠራውን ጎን ደጋግመው ቢጠይቁ አትሰልቹ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የጥንቃቄ ዝርዝር ይህን ያዛል። የፈቃድ ወረቀቱን ሳትፈርሙ በፊት ምን እንደሚሠራ፣ ባይሠራ ምን እንደሚከተል፣ ሌላ አማራጭ እንዳለ ጠይቁ፤ ሐኪም በጥያቄ መቆጣት አይገባውም። ደምም ለግሱ፦ ጤነኛ ከሆናችሁ፣ 18 ዓመት ከሞላችሁና ክብደታችሁ ቢያንስ 45 ኪሎ ከሆነ በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። ዘመድ እስኪታመም ባትጠብቁ እመርጣለሁ፤ በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት የምትድነው አስቀድሞ ተመርምሮ በተቀመጠ ደም ነው።

ወደ ቤት ስትመለሱ ታማሚውን በአልጋ አታስሩት፤ ቀስ ብሎ መራመድ የእግር ደም እንዳይረጋና ሳንባ እንዳይታመም ይረዳል። ቁስሉ ቀልቶ ቢሞቅ፣ መግል ቢይዝ፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ቢመጣ የስፌት ማውጫ ቀጠሮን ሳትጠብቁ ተመለሱ። ከሰውነት ወጥቶ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ምርመራ፣ የተላከ ነገር ካለ ደግሞ ደረሰኙን እናንተ ያዙ። ቁስሉ ሲድን ብዙ ቤተሰብ ውጤቱን ረስቶ ይቀራል፤ እንቅርቱ ወይም ከአንጀት የተቆረጠው ሥጋ ካንሰር እንደነበረበት የሚገልጸው ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ ወራት ይቆያል። ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን በስልካችሁ መዝግቡ፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ ተቀበሉ፣ ለሠራው ቀዶ ሐኪምም በእጁ ስጡት።