ሪሴት ከማስደረግሽ በፊት ጂሜይልሽን እወቂ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የስልክሽ ሚሞሪ ሞልቷል፣ ማስታወቂያ በሁሉም ነገር ላይ እየዘለለ ይወጣል፣ አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ደግሞ «አራግፍ» ሲባሉ እምቢ ይላሉ፤ ስለዚህ «ነገ ሱቅ ወስጄ ሪሴት ላስደርገው ወይ?» ብለሻል፤ ማለትም ውስጡ ያለው ሁሉ ተደምስሶ ስልኩ እንደ አዲስ ይነሣ ወይ ነው። አታስደርጊው። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ስልኩን ለማንም እንዳትሰጪ። በ2015 ዓ.ም. እኔም ይኸው ችግር ገጥሞኝ ነበር፤ የምጠይቀው ሰው ስላልነበረኝ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

1. አስቸጋሪውን መጀመሪያ ለዪው። ማስታወቂያው ብቅ ሲል ተናደሽ አትዝጊው። ከታች ያለችውን የአራት ማዕዘን ቁልፍ ንኪ፤ የተከፈቱት ገጾች ሲደረደሩ ማስታወቂያውን የሚልከው መተግበሪያ ምልክት ከገጹ አናት ላይ ይታይሻል። የእኔ «የባትሪ መብራት» የሚባል ነበር፤ የአንዲት ደንበኛዬ ልጅ ከስልኩ ወደ ስልኬ ያስተላለፈልኝ ነው። በዚህ መንገድ ካልተገኘ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የመተግበሪያዎቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ውረጂ። ስም የሌለው፣ ነጭ ምልክት ያለው ወይም የሴቲንግን ጥርስ መሳይ ምልክት ተውሶ የተቀመጠ ካገኘሽ እሱን ጠርጥሪ።

2. አልራገፍም የሚለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፋብሪካ ከስልኩ ጋር የመጣው ነው። እሱን «አሰናክል» በይውና እለፊ፤ የያዘውን ቦታ በሙሉ ባይመልስልሽም መሥራቱን ያቆማል፣ ያጠራቀመውንም ይለቃል። በኮምፒውተርና በኬብል ከነአካቴው አነሣልሻለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ አትክፈዪ። የሚነሣው ከአንቺ ተጠቃሚነት ላይ ብቻ ነው፤ ስልኩ ሪሴት የተደረገ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ክፉው ነው። ስትጭኚው «ፍቀጂ፣ ፍቀጂ» እያለ ራሱን የስልኩ አስተዳዳሪ አድርጎ የተቀመጠ ነው። ሴቲንግ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ «የመሣሪያ አስተዳዳሪ» ብለሽ ጻፊ፤ ስልክሽ በእንግሊዝኛ ከሆነ «አድሚን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈልጊ። ከስሙ ጎን ያለውን ፈቃድ አጥፊና ተመልሰሽ «አራግፍ» በይው፤ አሁን እሺ ይላል። ማስታወቂያው ፋታ ከነሣሽ ማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነሽ «አጥፋ» የሚለው ሲመጣ ጣትሽን እሱ ላይ አቆዪው፤ በብዙ ስልኮች ላይ ሴፍ ሞድ ልግባ ብሎ ይጠይቅሻል። በዚያ ሁኔታ ሲነሣ ከውጭ የጫንሻቸው ሁሉ ይተኛሉ፤ ተረጋግተሽ መሥራት ትችያለሽ። የባንክ መተግበሪያ እንደምትጠቀሚም ጽፈሻል። እንግዲያው «ተደራሽነት» የሚለውንም ክፈቺ፤ እዚያ ፈቃድ የተሰጠው መተግበሪያ በስክሪንሽ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይችላል። የማታውቂው ስም ካለ ዛሬውኑ አጥፊው።

3. ሪሴት የመጨረሻው መፍትሔ ነው። እኔ የመጀመሪያው አደረግኩትና የደረሰብኝ ይህ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጎንደር ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ጥምቀት የዓመቱ እንጀራችን ነው፤ ከታኅሣሥ መግቢያ እስከ ጥር 10 ሌሊት ድረስ መኪናዬ አያርፍም። የደንበኞቼን ልኬት፣ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ የቀሚሱን ቁመት፣ ወረቀት ላይ ጽፌ ከመረጡት ጥልፍ ጋር ፎቶ አነሣዋለሁ። ወረቀት ይጠፋል፣ ፎቶ ግን አይጠፋም ብዬ አምን ነበር። ያን ዓመት ስልኬ ውስጥ የ31 ሰው ልኬት ነበር።

ለበዓሉ 16 ቀን ሲቀረው ስልኩ ቦታ የለኝም ብሎ ካሜራውን አልከፍትም አለ። ወደ አንድ የስልክ ጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሪሴት ነው፣ 200 ብር» አለ። «ፎቶዬስ?» አልኩት። «ጎግል ላይ አለልህ» አለኝ። ምንም ነገር ከፍቶ ሳያይ ነው እንዲህ ያለኝ። የድምፅ መጨመሪያውንና የማብሪያውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ያዘ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ስልኬ እንደ አዲስ ተነሣና፣ ቀድሞ በዚህ ስልክ ላይ የነበረውን የጎግል አካውንት አስገባ አለ።

ይህ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ያለ መቆለፊያ ነው፤ ሌባ የሰረቀውን ስልክ ደምስሶ እንዳይገለገልበት የተሠራ ነው። ሪሴቱ ከሴቲንግ ውስጥ፣ የስክሪን መክፈቻዬን አስገብቼ የተደረገ ቢሆን ኖሮ በአብዛኛው ስልክ ላይ ይህ ጥያቄ አይመጣም ነበር። በቁልፍ ሲደረግ ግን ይመጣል። ባለሙያ ነኝ ብሎ ሱቅ የከፈተ ሰው ይህን አላውቅም ሊል አይችልም።

እኔ ደግሞ ጂሜይሌን አላውቀውም ነበር። የከፈተልኝ ስልኩን የሸጠልኝ ሰው ነው፤ የአንቺንም እንደዚያው ሻጩ እንደከፈተልሽ አልጠራጠርም። «አላውቀውም» ስለው ልጁ ወረፋ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት «ታዲያ ስልኩ ያንተ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለህ?» አለኝ። 19 ዓመት ሙሉ የሰው ጨርቅ በአደራ ተቀብዬ አንድ ክንድ አጉድዬ አላውቅም። ቤቴ ሄጄ ካርቶኑን አመጣሁ። በአስቸኳይ መደወያው ገጽ ላይ *#06# ጽፌ የመጣውን 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ይቅርታ አልጠየቀኝም። «መቆለፊያውን በ1,500 ብር እሰብርልሃለሁ» አለኝ። ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሻጩን አፈላልጌ አገኘሁት። ጂሜይሉን በስሜና በስልክ ቁጥሬ መጨረሻ እንደሚከፍት አስታወሰ፤ የይለፍ ቃሉ ለደንበኛው ሁሉ አንድ ነበር። በሦስተኛው ሙከራ ተከፈተ። የጎግል ፎቶ መዝገቤን ስከፍተው ግን ባዶ ነው፤ ምትኬ ማስቀመጫው አንድም ቀን በርቶ አያውቅም። ለ31 ሰው ደወልኩ። 24ቱ መጥተው እንደገና ተለኩ፤ ውጭ አገር ያሉት 5ቱ በስልክ እየተነጋገርን ለክተው ላኩልኝ። ሁለቱ ጨርቃቸውን ይዘው ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄዱ፤ አንደኛዋን የሰርጓን ልብስ የሰፋሁላት እኔ ነበርኩ። ያንን ሰሞን በቀን ሦስት ሰዓት ነው የተኛሁት፤ የተረከብኩትን ግን ሁሉንም ለበዓሉ አደረስኩ።

ያ «የባትሪ መብራት» በሁለት ደቂቃ የሚነሣ ነገር ነበር። የካቲት ላይ በእኅቴ ልጅ ስልክ ውስጥ ያንኑ አግኝቼ፣ ከላይ የነገርኩሽን የአስተዳዳሪ ፈቃድ አጥፍቼ ራሴ አራገፍኩት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን 11 ስልኮች አጽድቻለሁ፤ አንድም ሪሴት አላደረግኩም፣ የማንም ፎቶ አልጠፋም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ጎግል የሚለውን ክፈቺና ጂሜይሉን ወረቀት ላይ ጻፊው። የይለፍ ቃሉን ቀይሪ፣ የራስሽን ስልክ ቁጥር አስገቢበት። ፎቶዎችሽን ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ኮምፒውተር ገልብጪ። ጎግል ላይ አሉ የሚልሽን ሰው አትመኚ፤ በሌላ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ከፍተሽ በዓይንሽ እዪአቸው።

ሚሞሪውን የሞላውም መተግበሪያ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው። በቴሌግራሙ ሴቲንግ የማከማቻ አጠቃቀም የሚለውን ክፈቺና ያጠራቀመውን አጽጂ፤ ቻናሎቹ ላይ ያለው ቪዲዮና ፎቶ ስትፈልጊው እንደገና ይወርዳል። የ32 ጊጋባይት ስልኬ ላይ 9 ጊጋባይት የያዘው እሱ ነበር፤ ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ካሜራዬ ይከፈት ነበር።

የአየር ሰዓትሽም ሳታውቂው የሚቀነስ ከሆነ መተግበሪያውን ማራገፉ ብቻ አይበቃም። በአጭር ቁጥር የሚመጡልሽን መልእክቶች ተመልከቺ፤ ሳታውቂው የተመዘገብሽበት የክፍያ መልእክት አገልግሎት እንዴት እንደሚቋረጥ ብዙውን ጊዜ እዚያው ተጽፏል፤ ካላቋረጥሽው መተግበሪያው ከተነሣ በኋላም ሂሳብሽን መቁረጡን ይቀጥላል። እኔ በአንድ የአገልግሎት መስጫ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ «ራስህ ተመዝግበህ ነው» ተብዬ ተመልሻለሁ። አንቺ ግን የተቀነሰበትን ቀንና የላከውን ቁጥር ጽፈሽ ሂጂ፤ በሁለተኛው ቀን ጽፌ ስሄድ ያው ሠራተኛ አጠፋልኝ።

የአስተዳዳሪዎቹን ዝርዝር ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ላኪልኝ። የትኛው እንደሚነሣና የትኛው እንደማይነካ እነግርሻለሁ፤ ሱቄን የምዘጋው ማታ 2 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ ነፃ ነኝ።